የሊሶሶም ክምችት በሽታ ምንድን ነው?

የሰውነታችን ሕዋስ ያረጀ ክፍሉን አፍርሶ ፍራሹን መልሶ ይጠቀምበታል። ይህን የሚያደርገው ሊሶሶም በሚባሉ፣ በስስ ሽፋን በተከበቡና ውስጣቸው አሲዳማ በሆነ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። ከረጢቶቹ ስብን፣ ስኳርንና ፕሮቲንን የሚሰባብሩ ከ50 የሚበልጡ ኢንዛይሞች አሏቸው። ከእነዚህ አንዱ በዘር በተወረሰ ጉድለት ሳይሠራ ከቀረ፣ እሱ ሊያፈርሰው ይገባ የነበረው ነገር እዚያው ይጠራቀማል። ሕዋሱ ያብጣል፤ ውሎ አድሮ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ልብ፣ አጥንት ወይም አንጎል ይጎዳል። የጎደለው ኢንዛይም ሲለያይ የበሽታው ስምም ይለያያል፦ ጎሼ፣ ፖምፔ፣ ሀርለር፣ ቴይ-ሳክስ እና ሌሎችም።

ፈረንሳዊው ሐኪም ጎሼ በስሙ የሚጠራውን በሽታ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ሊሶሶም ግን ገና አልታወቀም ነበር። የተገኘውም ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ቤልጂየማዊው ተመራማሪ ክርስቲያን ደ ዱቭ ኢንሱሊን በጉበት ላይ የሚሠራውን ሥራ ሲያጠና፣ በ1949 ከተፈጨ የአይጥ ጉበት ውስጥ አንድ ኢንዛይም ለካ። ያገኘው ከጠበቀው አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነበር። ያው ናሙና ለቀናት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ እንደገና ሲለካ ግን የጠፋው ሁሉ ተገኘ። ብዙ ሰው የልኬት ስህተት ብሎ ያልፈዋል። ደ ዱቭ ግን ኢንዛይሙ በሽፋን ተዘግቶበት እንደነበረና ሽፋኑ ሲያረጅ እንደወጣ ተረዳ፤ በ1955 ከረጢቱን ሊሶሶም ብሎ ሰየመው። በ1974 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱም ሆነ።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሥራ ባልደረባው ሄርስ በ1963 ያደረገው ነው። በፖምፔ በሽታ የተያዙ ሕፃናት ጡንቻና ልብ ሰውነት ስኳር አጠራቅሞ በሚያስቀምጥበት ግላይኮጅን ይሞላል፤ የደማቸው ስኳር ግን ጤናማ ነው፣ ግላይኮጅን የሚፈቱት የታወቁ ኢንዛይሞችም ይሠራሉ። ታዲያ ለምን ይከማቻል? ሄርስ የጎደለው ኢንዛይም ሊሶሶም ውስጥ የሚሠራው መሆኑን አሳየ። ከረጢቱ ውስጥ የገባው ግላይኮጅን ከውጭ ያሉት ኢንዛይሞች አይደርሱበትም። በዚህ ግኝት የዚህ በሽታ ቤተሰብ መንስኤ ግልጽ ሆነ።

ሕክምናውም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ኤልዛቤት ኑፌልድና ባልደረቦቿ በ1968 የሀርለርና የሀንተር (ሌላው የዚሁ ቤተሰብ በሽታ) ሕመምተኞችን ሕዋሳት አንድ ላይ ሲያሳድጉ፣ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ፤ ኢንዛይም ከውጭ ወደ ሕዋስ መግባት ይችላል ማለት ነው። ሮስኮ ብሬዲ ለጎሼ ሕመምተኞች ኢንዛይሙን ከእንግዴ ልጅ አውጥቶ አዘጋጀ፤ የሚፈለገው ሕዋስ እንዲቀበለውም በላዩ ያለው የስኳር ሰንሰለት ተስተካከለ። መድኃኒቱ በ1991 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

በደም ሥር የሚሰጥ ኢንዛይም ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንጎል አይዘልቅም። ስለዚህ በከባድ የሀርለር በሽታ ለተያዘ ሕፃን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ይደረጋል፤ ከለጋሹ የሚመነጩ ሕዋሳት አንጎል ውስጥ ገብተው ኢንዛይሙን ለጎረቤቶቻቸው ይሰጣሉ። ይህም የሚጠቅመው አንጎል ሳይጎዳ፣ ገና በጨቅላነት ከተሠራ ነው።