«ጋቢ ካለ ብርድ የለም»፦ ለማኅበር በዓል ጀብዱ ሲታቀድ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

በአንድ የሰፈር ወጣቶች ማኅበር የጉዞ ኮሚቴ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የምሥረታ በዓል በቀረበ ቁጥር ስብሰባው በአንድ ዓይነት ንግግር ይከፈታል፤ «ዘንድሮስ ኬክ ቆርሰን አንበተንም!» ከዚያ የቦታ ስም ይዘንባል፦ ራስ ዳሸን፣ ኤርታ አሌ፣ ሶፍ ዑመር፣ ወንጪ። ገንዘብ ያዡ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሰብሳቢዋ ትስቃለች፣ ከጥግ አንድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ «ጅብ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጅብ እስከ ዛሬ አላስቸገረንም። የገጠመን ችግር ሁሉ የመጣው ማንም ባልጠየቀው በኩል ነው፤ በብርድ፣ በውሃ፣ በሰዓትና በመኪና። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ እውነት ሲነገሩ ከሰማኋቸው ዋና ዋናዎቹን ላንሣ።

«ጀብዱ ከተባለ ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል»

ይህ ሐሳብ ስንቱን ዕቅድ ገና በመዋጮው ላይ አስቀርቶታል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን ተራራ የከበባት ከተማ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የረርም እንዲሁ። ወጨጫ 3,300 ሜትርን ያልፋል፤ በጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ጀምሮ ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። ጎህ ሲቀድ ከከተማ የወጣ ሰው በጽዱና በዝግባው መካከል ቀኑን የሚበቃ ዳገት ያገኛል። ከአባሎቻችሁ ውስጥ ወጨጫን ከሩቅ እያየ ያደገ፣ ግን አንድም ቀን ያልረገጠው ስንት እንደሆነ እጅ አስወጥታችሁ ቁጠሩ። እኛ ስንቆጥር አፍረናል።

«ስፖርተኛን ከፍታ አያመውም»

የማኅበራችን ፈጣኑ ልጅ፣ ዘጠና ደቂቃ ሮጦ የማይደክመው አጥቂያችን፣ ስሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ በተባለው ካምፕ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሌሊቱን ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አደረ። ቀስ እያሉ ከኋላ የመጡት ሁለቱ ወፍራም ጓደኞቹ እራታቸውን በልተው አንኮራፉ። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ ላይ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይለወጥም፤ ታችም ላይም 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ስለዚህ በ4,550 ሜትሩ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያመጣው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ጡንቻ ይህን ጉድለት አይሞላውም። ሰውነት የሚለምደው በጊዜ ነው፤ ጠንካራው ሰው ደግሞ ፈጥኖ ስለሚወጣ ያን ጊዜ ለራሱ ይነፍገዋል።

በተራራ የኖሩ ሰዎች የሚከተሉት ልማድ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ይታረፍ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር የያዘው ሰው ባለበት ይቆይ እንጂ ማስታገሻ ውጦ አይቀጥል። መንገዳገድ ከጀመረ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ሳይነጋም ቢሆን ወደ ታች ይውረድ።

«እኛ ደገኞች ነን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ለብዙ ትውልድ የኖሩ ሰዎች ሰውነት ለከፍታ የተስማማ መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ግን ማኅበር ሁሉ ደገኛ አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለበዓሉ ሲል ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣው የቀድሞ አባልማ ቅዳሜ ቦሌ አርፎ ሰኞ ማታ ስሜን ውስጥ፣ 3,250 ሜትር ላይ፣ ሳንካበር ካምፕ እንዲያድር ይጠበቅበታል። ለእሱ ጎንደርና ደባርቅ ላይ አንዳንድ ሌሊት መጨመር ከስጦታ ሁሉ ይበልጣል። በመኪና መውጣትም አያድንም። ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነሥቶ 4,000 ሜትር ወደሚደርሰው የሰነቴ አምባ መውጣት የአጭር ጊዜ መንገድ ነው፤ ሞተሩ ቢወጣውም ሳንባው የእናንተው ነው።

«ጋቢ ካለ ብርድ የለም»

በጋቢ ላይ ክፉ የሚናገር ጠላት ያፈራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ቤት ውስጥ፣ ቡና እየተቆላ፣ የሚተካከለው ልብስ የለም። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው። በዝናብ ወይም በላብ ሲርስ በክሮቹ መካከል ይዞት የነበረውን አየር ውሃ ይተካዋል፤ ያን ጊዜ ማሞቁ ይቀርና ከገላ ሙቀት መሳብ ይጀምራል። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካናቴራም የዚያው ዘመድ ናቸው። የደጋ ገበሬ በርኖስ የደረበው ለጌጥ አይደለም። በርኖስ የበግ ጠጉር ነው፤ ቢርስም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ስለዚህ ለቀን የሱፍ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ልብስ ይያዝ፤ ጋቢው በፌስታል ተጠቅልሎ ለማታ ይቀመጥ። የስሜን ሌሊት በታኅሣሥና በጥር ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ከሥሩ ያላነጠፈ ሰውን መሬቱ ራሱ ሙቀቱን ሲስብበት ያድራል። ለዚህ አጎዛን የሚያህል ነገር አላገኘሁም፤ ከተማ ውስጥ ካጣችሁት ወፍራም ስፖንጅ ይሠራል።

የጋቢው መንትያ «አረቄ ያሞቃል» የሚለው ነው። አረቄ ፊትን የሚያግለው ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው፤ በዚያ በኩል የውስጡ ሙቀት ወጥቶ ይሄዳል። ጠጪው «ሞቀኝ» እያለ ይቀዘቅዛል። ለሚንቀጠቀጥ ሰው ደረቅ ልብስ፣ ከነፋስ መጠለያና ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት።

ሦስተኛው ላይ ቀልድ የለኝም። «ከሰሉ ጭሱን ከጨረሰ በኋላ ወደ ድንኳን ይግባ» ይላሉ። ከሰል የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል፣ ቀለምም ሽታም በሌለው ጋዝ ነው፤ ቀልቶ ፍም የሆነውም ያመነጨዋል። ተኝቶ የተነፈሰው ሰው አይነቃም። ምድጃው ውጭ ይደር፤ ማንም ምንም ቢል።

«የሚያስፈራው ገደልና ጅብ ነው»

ጅብ ወደ ካምፕ የሚመጣው ፍርፋሪና አጥንት ሸትቶት ነው፤ ምግቡን ከድንኳን አርቃችሁ አስቀምጡ። ከዕቅዱ ሁሉ አደገኛው ክፍል አስፋልቱ ነው። የአንድ ቀን ኪራይ ለማዳን ሌሊት ይነዳል፤ ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ሚኒባስ አሥራ ስምንት ሰው ከነከበሮው ይጫናል፤ ሾፌሩ ከእኛ ጋር ሲጨፍር አድሮ ጠዋት መሪ ይይዛል። አንድ ዓመት ከጉዞ ስንመለስ ሁሉም ተኝቶ እኔ ብቻ ነቅቼ ነበር፤ በመስተዋቱ ውስጥ የሾፌሩ ዓይን ሲከደን አየሁ። ጮኼ አስነሣሁት። ከዚያ ወዲህ በበጀታችን ላይ ለሾፌር የተለየ መኝታ የሚል መስመር አለ፤ ገንዘብ ያዡም ይህን መስመር አይነካም። የመንገዱን ሰላምም በቦታው ከሚኖር ሰው በመነሻው ዋዜማ መጠየቅ ይገባል፤ ባለፈው ወር የሄደ ጓደኛ የነገረን ለዚህ ሳምንት አይበቃም።

ሰዓትም እንዲሁ የሚናቅ ጠላት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ድንግዝግዙም ረጅም አይደለም። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ይወሰን። እኛ ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ ጫፉ መቶ እርምጃ ቢቀረውም፣ ፊታችንን እናዞራለን። በዚህ ውሳኔ ሁለት ጊዜ ተሰድቤበታለሁ።

«ሐይቁ የረጋ ነው፤ ለዋና ደኅና ነው»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ሐይቅ ደግሞ ከወንዝ ይልቅ ያሳስቃል። ወንጪን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ የማኅበር ጉዞ ሁሉ ወደዚያ ሆኗል፤ በእውነትም ውብ ናት። ግን በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ጥልቀቱ ከዳሩ ብዙም ሳይርቅ ይጀምራል፤ የደጋ ውሃ በመሆኑም ቀዝቃዛ ነው። በድንገት የገባበት ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ የደጋ ልጆች አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቶቹን ቁጠሩ፤ ከሰዎቹ ካነሱ በሁለት ዙር ተሻገሩ።

«የሚሰጥም ሰው ይጮሃል» ብሎ መጠበቅም ያሳስታል። አፉ ከውሃው እኩል የሆነ ሰው ለመጮህ ትንፋሽ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ዘሎ የገባው ጓደኛም ተጨብጦ አብሮ ይሰጥማል። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በረጅም ገመድ አስራችሁ ዳር ላይ አስቀምጡ፤ ከጀግና ይሻላል።

ብልሃርዝያም አለ። ጣናንና ዝዋይን በመሰሉ ሐይቆች ዳር፣ ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ፣ ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል። ሕመሙ የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ማንም ከበዓሉ ጋር አያያይዘውም። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው በኋላ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። በዚህ ረገድ ላንጋኖ የተሻለ ስም አለው። ዝቋላ አናት ላይ ያለው ሐይቅ ግን የገዳም ጸበል ነው፤ የዋና ልብስ ይዛችሁ አትውጡ።

«ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋው ለድንኳን ይመቻል»

የድሬዳዋ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከበላዩ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ በሌሊት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በቆላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየቆጠራችሁም ጎርፉ ከማታዩት ተራራ ሊመጣ ይችላል። ድንኳን ከፍ ካለ መሬት ላይ ይተከል፤ አሸዋው ለኳስ ጨዋታ ይሁን፣ ያውም በበጋ።

«እባብ ከነደፈ ከላይ ማሰር፣ መብጣትና መምጠጥ»

ሦስቱም ይጎዳሉ፤ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም አይረዳም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁለት፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩ፣ ሳታስሮጡ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

«ሁሉም ጫፍ ካልደረሰ በዓሉ ተበላሸ»

ማኅበሩ ሲመሠረት የ18 ዓመት ልጅ የነበረው በ10ኛው ዓመት 28 ይሆነዋል፤ በብር ኢዮቤልዩው 43። መሥራቾች ወደ በዓሉ የሚመጡት የድሮ ጉልበታቸውን ቤት ትተው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ነው። እነሱን ከኋላ እየጎተቱ ተራራ መውጣት ክብር አይመስለኝም። ከመጀመሪያው ሁለት መንገድ ይታቀድ፤ አንዱ ወደ ጫፉ፣ ሌላው በጋማ ከብት ወይም በመኪና ወደሚደረስበት ደልዳላ ሥፍራ። በየመንገዱም ሰልፉን ዘገምተኛው ሰው ይምራ፤ ፈጣኖቹ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑን ይዘው ከኋላ ይከተሉ። ሰው የሚጠፋው ሰልፉ ሲበጠስ ነው። እኛ ይህን ባደረግንበት ዓመት መሥራቾቹ ታች ቀርተው ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ ፎቶግራፎቹን ስናይ ከተራራው ይልቅ የበዛው የጀበናው ዙሪያ ነበር።

«በጾም ወቅት ተራራ አይወጣም»

ምግቡ አያስቸግርም፤ በሶና ቆሎ የዘማች ስንቅ ነበሩ፣ ሁለቱም የጾም ናቸው። የሚከብደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መውጣት ነው። ረመዳን ላይም ለሙስሊም አባሎቻችን ያው ነው። ቀን ሲቆረጥ ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ።

«በዕለቱ ካልተከበረ በዓል አይባልም»

የእኛ ማኅበር የተመሠረተው በሐምሌ ነው። በሐምሌ የስሜን መንገድ ጭቃ ነው፣ ተራራው በጉም ይሸፈናል፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ዛፍ ሥር የተጠለለን ሰው ደግሞ መብረቅ ይወደዋል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከመጠለያ አይወጣም። ስለዚህ ጉዞውን ወደ ኅዳር አዛወርነው። ኬኩን ግን በሐምሌ፣ በዕለቱ፣ ጣሪያ ሥር እንቆርሳለን፤ «አንበተንም» ያሉትም ይበላሉ።