የተማሪዎች የሕግና የወንጀል ፍትሕ ጉባኤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየትምህርት ቤቱ የሥነ ዜጋ መምህራንና የክበብ ተጠሪዎች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሕግና የወንጀል ፍትሕ ጉባኤ ለማዘጋጀት ሲነሱ ተደጋግመው የሚሰሙ አስተያየቶች አሉ። አንዳንዶቹ ጉባኤውን ያስቀራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ተካሂዶም ፍሬ እንዳያፈራ ያደርጉታል።

"ሕግ ለልጆች ገና ነው"

ሕጉ እስኪያድጉ አይጠብቃቸውም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ልጅ ላይ ልዩ እርምጃዎች ይወሰዳሉ እንጂ መደበኛው ቅጣት አይጣልበትም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። 15 ዓመት ካለፈው በኋላ ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። 15 ዓመት ማለት እንግዲህ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ዕድሜ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሆኖ የሚሰማ ተማሪ እንዳይኖር ነው ጉባኤው የሚያስፈልገው።

"ትልቅ ባለሥልጣን ከተገኘ ጉባኤው ተሳካ"

የክብር እንግዳው ንግግር ጠዋቱን ይጨርሳል፤ ተማሪዎቹ አጨብጭበው ይወጣሉ። ከዚያ ይልቅ አንድ መርማሪ ፖሊስ፣ አንድ ዐቃቤ ሕግ፣ አንድ ተከላካይ ጠበቃና አንድ ዳኛ በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጡና አንድ ዓይነት ጉዳይ ስጧቸው። እያንዳንዳቸው "እኔ ጋ ሲደርስ ይህን አደርጋለሁ" ብለው ባጭሩ ያስረዱ፤ የቀረው ጊዜ ለተማሪዎቹ ጥያቄ ይዋል።

"ምስለ ችሎት በፊልም እንዳየነው ነው"

ምስለ ችሎት ተማሪዎች ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ምስክር ሆነው የሚያካሂዱት የልምምድ ችሎት ነው፤ ብዙ ጉባኤ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ተሰይመው "ጥፋተኛ ነው" የሚሉበትን ትዕይንት ይዘው ይመጣሉ። በኢትዮጵያ ግን ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም መርምረው የሚወስኑት ዳኞች ናቸው።

የምስክር አሰማሙም የራሱ ሥርዓት አለው። ጉዳዩ የስልክ ንጥቂያ ነው እንበል። ዐቃቤ ሕግ የሆነችው ተማሪ ምስክሯን "ተከሳሹ ስልኩን ሲነጥቅ አይተዋል አይደል?" ብላ መጠየቅ አትችልም፤ መልሱን የያዘ መሪ ጥያቄ ነውና። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በዋና ጥያቄ ላይ፣ ማለትም ምስክሩን ያቀረበው ወገን ራሱ ሲጠይቅ፣ ይህን ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ይከለክላል። "በዚያ ምሽት ምን አዩ?" ማለት አለባት። ጠበቃው ግን የሌላውን ወገን ምስክር በሚጠይቅበት በመስቀለኛ ጥያቄ "ሰዓቱ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነበር፣ መንገዱ ላይ መብራት አልነበረም፣ ፊቱን አላዩም፤ እውነት ነው?" ቢል ሕጉ ይፈቅድለታል። ተማሪ ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ በአፉ ከሞከረው አይረሳውም። ነጥቆ መሮጥ ስርቆት ነው ወይስ ውንብድና የሚለው ክርክር ብቻውን ግማሽ ቀን ይይዛል።

"ይከላከል ከተባለ ጥፋተኛ ተብሏል"

አዋቂዎችም በዜና ሲሰሙት የሚሳሳቱበት ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያበቃ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። ማስረጃው ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል፤ ካስረዳ "ይከላከል" ይባላል። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው የሚወሰነው መከላከያው ከተሰማ በኋላ ነው። በምስለ ችሎቱ ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም፤ ዳኛ የሆኑት ተማሪዎች ብይናቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያንብቡ። በዋስ መለቀቅም እንዲሁ ከክስ ነፃ መውጣት አይደለም፤ ክርክሩ ይቀጥላል።

"ከ48 ሰዓት በኋላ ፖሊስ የግድ ይለቃል"

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ አይቆጠርም። መልቀቅ ወይም ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ መፍቀድ የዳኛው ውሳኔ ነው።

"በሰፈር የተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ይስባል"

ይስባል፣ ግን አታድርጉት። የተጎጂው እህት ወይም የተከሳሹ ወንድም እዚያው ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። ጉዳዩ ገና ፍርድ ካላገኘ ደግሞ፣ ንጹሕ ሆኖ መገመት የሕገ መንግሥት መብት ነው ብለን እያስተማርን ትምህርት ቤቱ ሙሉ አስቀድሞ እንዲፈርድ መጋበዝ ይሆናል። የፈጠራ ታሪክ ጻፉ፤ ስሙም ሰፈሩም የፈጠራ ይሁን። ከፆታዊ ጥቃትም ራቁ፤ ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል የደረሰባት እንደሌለች ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

"ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል"

አዳራሹ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ድምፅ ማጉያውም የሚኒ ሚዲያ ክበብ። የሕግ ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ከሆነ ተማሪዎቹን አሠልጣኝ እንዲሆኑ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምስለ ችሎት ውድድር ስለሚያዘጋጅ፣ ልምምዱን ከዚያ ጋር ማያያዝም ይቻላል።

"ችሎት የሚገባው ጉዳይ ያለው ሰው ብቻ ነው"

የወንጀል ክርክር በመርሕ ደረጃ በግልጽ ችሎት ይካሄዳል፤ ስለዚህ ተማሪዎችን ከጉባኤው በፊት ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። ብዛታቸውንና ቀኑን ጠቅሳችሁ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ) አስቀድማችሁ ደብዳቤ ጻፉ። የሕፃናት ጉዳይ በዝግ ስለሚታይ ያን ችሎት አትጠይቁ። ስልክ አጥፍተው ይግቡ፤ ቀረጻ አይታሰብም። አንድ ሥራ ብቻ ስጧቸው፦ ዳኛው ለተከሳሹ የተናገሩትን እያንዳንዱን ነገር ይጻፉ።