ፖንጋል፦ ድስቱ ካልገነፈለ የማይሞቅ በዓል

የታሚል ገበሬ ሩዙን አጭዶና ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ ምስጋናውን ከሁሉ በፊት የሚያቀርበው ለፀሐይ ነው። በዓሉ ፖንጋል ይባላል። በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት አራት ቀን ይከበራል። በስሪላንካ፣ በማሌዥያ፣ በሲንጋፖርና በሞሪሸስ የሚኖሩ ታሚሎችም ያከብሩታል። የሚውለው ጃንዋሪ 14 ወይም 15 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 6 አካባቢ፣ ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው።

ቀኑ የሚቆጠረው በፀሐይ ስለሆነ ብዙም አይዋዥቅም። ፀሐይ ጀዲ ኮከብ ውስጥ የምትገባበትና ታይ የተባለው የታሚል ወር የሚብትበት ዕለት ነው። ፀሐይ ፊቷን ወደ ሰሜን የምታዞረውም ያን ቀን ነው ተብሎ ይታመናል። እውነቱን ለመናገር ፀሐይዋ የዞረችው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ዲሴምበር 21 ገደማ ነው። አቆጣጠሩ ከዋክብትን ስለሚከተል በሰባ ምናምን ዓመት አንድ ቀን ያህል ይንሸራተታል።

ገበሬው የሚጠብቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የሚዘንበው የሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን አልፎ፣ በተለይ በታንጃቩር ዙሪያ ባለው የካቬሪ ወንዝ ደልታ ሩዙ ለአጨዳ ይደርሳል። እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል። ከታይ በፊት ባለው ማርጋዢ ወር ሰርግ አይደገስም፤ ታይ ሲገባ ግን ድግሱ ይከፈታል። «ታይ ሲወለድ መንገድ ይወለዳል» ይላሉ። ጥር ሲመጣ የሰርግ ጥሪ ወረቀት ለሚጎርፍለት ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን ቦጊ ነው። ቤት ይጸዳል፣ ያረጀ ምንጣፍና ቅራቅንቦ ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ይቃጠላል። ድሮ የሚነደው ሳርና እንጨት ነበር። አሁን ፕላስቲክና ጎማ ተጨምሮበት የግዛቲቱ ዋና ከተማ ቼናይ በጭስ ትታፈናለች። አውሮፕላን የዘገየበት ጊዜም አለ።

ዋናው ቀን ሁለተኛው ነው። ሴቶች በማለዳ ደጁን ጠርገው፣ ውሃ ረጭተው ኮላም ይሥላሉ። መጀመሪያ ነጠብጣብ ይደረደራል፤ ከዚያ በጣቶች መሃል በሚፈስ ዱቄት ነጥቦቹን የሚዞር መስመር ይሳባል። ዱቄቱ የሩዝ ስለሆነ ጉንዳንና ወፍም ይቀምሱታል። ዛሬ ዛሬ ብዙዎች የድንጋይ ዱቄት ስለሚጠቀሙ ጉንዳኖቹ ሳይከስሩ አልቀሩም።

ከዚያ ድስቱ ይጣዳል። አዲስ የሸክላ ድስት ነው፣ አንገቱ ላይ ሥሩና ቅጠሉ ያልተቆረጠ እርጥብ እርድ ይታሰራል። አጠገቡ ሸንኮራ አገዳ ይቆማል። ወተቱ እስኪፈላ ሁሉም ዓይኑን ድስቱ ላይ ይተክላል። አረፋው ከአፉ አልፎ ሲፈስ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ፖንጋሎ ፖንጋል!» ብሎ ይጮኻል። በሌላ ቀን ቁጣ የሚያመጣው መገንፈል ያን ዕለት በረከት ነው፤ የበዓሉም ስም ከዚያው የመጣ ነው። በየትኛው አቅጣጫ እንደፈሰሰ አይተው የዓመቱን ዕድል የሚያነቡም አሉ። በፎቅ ቤት የሚኖረው ከተሜ ደግሞ በጋዝ ምድጃ ላይ አገንፍሎ፣ ጮኾ፣ ምድጃውን ይወለውላል።

አዲሱ ሩዝ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ማሾ ክክ፣ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ሄል፣ የነጠረ ቅቤ፣ ካሹና ዘቢብ ይከተላሉ፤ ምግቡም እንደ በዓሉ ፖንጋል ይባላል። በቁንዶ በርበሬና በከሙን የሚሠራ ጨዋማ ዓይነትም አለ፤ እሱ ዓመቱን ሙሉ ለቁርስ ይበላል። ጣፋጩ መጀመሪያ በሙዝ ቅጠል ለፀሐይ ይቀርባል። ይህን ለማድረግ ካህን አያስፈልግም፣ ግቢ ይበቃል። ብዙ የታሚል ክርስቲያኖችም በየቤተ ክርስቲያናቸው ቅጥር ድስት ጥደው የሚያከብሩት ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቀን የከብቶች ነው። ታጥበው፣ ቀንዳቸው ተቀብቶ፣ አበባና ቃጭል አንገታቸው ላይ ታስሮ ፖንጋል ይጎርሳሉ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። የሂንዱው አምላክ ሺቫ በሬውን «ሰዎች በየቀኑ በዘይት ይታጠቡ፣ በወር አንዴ ይብሉ» ብለህ ንገር ሲል ላከው። በሬው አምታቶ በየቀኑ ብሉ፣ በወር አንዴ ታጠቡ አላቸው። ሺቫ ተቆጣ። ያን ሁሉ እህል እንግዲህ አንተው እያረስክ አብላቸው ብሎ ወደ ምድር ሰደደው።

ጃሊካቱ የሚባለው የኮርማ ጨዋታም የሚደምቀው በዚህ ሰሞን ነው፤ በተለይ በማዱራይ አካባቢ፣ በአላንጋናሉር፣ በፓላሜዱና በአቫኒያፑራም። ኮርማው ከጠባብ በር ይለቀቃል፤ ጎረምሳው ሻኛውን አቅፎ ሳይወድቅ መቆየት አለበት። የሚሞትም፣ መኪና የሚሸለምም አለ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በእንስሳት ላይ ጭካኔ ነው ብሎ አገደው። በጃንዋሪ 2017 ግን በቼናይ ማሪና የባሕር ዳርቻ ብዙ ሺህ ወጣቶች ለቀናት ተቀምጠው ተቃወሙ። ለብዙዎቹ ጉዳዩ ከኮርማው በላይ ነበር፤ ዴልሂ ያለው ማዕከላዊ መንግሥት ባህላችንን ነካ ነው ነገሩ። ግዛቲቱ ሕጓን አሻሻለች፣ ፍርድ ቤቱም በ2023 ሕጉን አጸደቀው። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ዛሬም አልተዋጠላቸውም።

አራተኛው ቀን ካኑም ፖንጋል የዘመድ ጥየቃና የሽርሽር ነው። ሴቶች ለወንድሞቻቸው ደህንነት እየጸለዩ ቀለም የገባ የሩዝ ጉርሻ በእርድ ቅጠል ላይ ለወፎች ያስቀምጣሉ። ከሰዓት በኋላ ማሪና በሰው ይጥለቀለቃል። ፖሊስ ማንም ባሕር እንዳይገባ አጥር ያጥራል፣ ቢጠፉ እንዲገኙም ልጆች እጅ ላይ የወላጅ ስልክ ቁጥር ያለበት ማሰሪያ ያስራል።