«አሁን ምን እያነበብክ ነው?»፦ መጽሐፍ የመጠቋቆም ልማድ

መጽሐፍ መጠቋቆም አንባቢ በእጁ ስላለው መጽሐፍ ለሌላው የሚያወራበት፣ የወደደውንም «ይሄን ሳታነብ እንዳታልፍ» የሚልበት ልማድ ነው። አባልነትም መዋጮም አይጠይቅም። ሁለት አንባቢ ከተገናኘ ይበቃል። በደብዳቤ፣ በንባብ ክበብ፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በመጻሕፍት መደብር፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በስልክ ይካሄዳል። ማስታወቂያውን አይቶ ያለፈውን መጽሐፍ፣ ጓደኛው ሲያነሳለት ሄዶ የገዛ ሰው ብዙ ነው። ልማዱ ጥንታዊ ነው፤ የብዙ መጻሕፍትን ዕጣም ወስኗል።

ሁለቱ ጥያቄዎች

ጨዋታው የሚጀምረው ከሁለት ጥያቄዎች በአንዱ ነው። «አሁን ምን እያነበብክ ነው?» ወይም «ከሁሉም የምትወደው መጽሐፍ የቱ ነው?» የሚመሳሰሉ ይመስላሉ፤ መልሳቸው ግን ለየቅል ነው።

የሚወደውን መጽሐፍ የተጠየቀ ሰው ቆም ብሎ ያስባል። ቢጠራው የማያሳፍረውን ይመርጣል። ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት ያነበበውን፣ ሌሎችም ያደነቁለትን ርዕስ ይናገራል። መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ተጣርቶ፣ ተስተካክሎ የወጣ መልስ ነው። በዚያ ላይ የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ የወደደውን መጽሐፍ ዛሬ ቢያነበው ይወደው እንደሆነ እሱም አያውቅም።

አሁን ምን እያነበበ እንደሆነ የተጠየቀ ሰው ግን የሚያስመስልበት ፋታ የለውም። ትራስጌው ያለው ያው ነው። ግማሽ ላይ የቆመ የታሪክ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ለሥራ ብሎ የገዛው መመሪያ፣ ማታ ማታ ለልጁ የሚያነበው ተረት፣ ወይም እንቅልፍ የነሳው የወንጀል ልብ ወለድ ሊሆን ይችላል። ፍርዱም ገና አልረጋም። «አጀማመሩ ደስ ይላል፣ መሀሉ ላይ ግን ተንዛዛብኝ» ይላል። «ዋናው ገጸ ባሕርይ አናዶኛል፣ ግን ማቆም አልቻልኩም» ይላል። ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጠው ይሄኛው ጥያቄ ነው። ያለቀለት ፍርድ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። በንባብ መሀል ያለ ሰው ግን መጽሐፉ ምን እያደረገው እንደሆነ ይነግረናል። መጽሐፉ ለእኛ ይሆን አይሆን እንደሆነ የምንገምተውም ከዚህ ነው።

ከቁስጥንጥንያ እስከ ሃቫና

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቁስጥንጥንያ የኖረው ሊቁ ፎጢዮስ፣ በኋላ የከተማዋ ፓትርያርክ የሆነው፣ ያነበባቸውን መጻሕፍት እየገመገመ አንድ ትልቅ ሥራ ትቷል። የጻፈው ለወንድሙ ለታራስዮስ ነው። ወንድምየው እሱ በሌለበት ምን ምን እንደተነበበ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ፎጢዮስም 280 ገደማ በሆኑ ክፍሎች መለሰለት። አንዳንዱ ክፍል ጥቂት መስመር ነው፤ አንዳንዱ ብዙ ገጽ ይፈጃል። ይዘቱን በመንገር ብቻ አላቆመም። ጸሐፊው ቃል እንዴት እንደሚመርጥ፣ አጻጻፉ ግልጽ ይሁን የተወሳሰበ፣ የቱ ጋ እንደሚጥም የቱ ጋ እንደሚሰለች ጭምር ይናገራል። ከጠቀሳቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ኋላ ጠፍተዋል። ከእነዚህም መካከል ዛሬ በዋናነት በፎጢዮስ ቃል ብቻ የሚታወቁ አሉ። ወንድም ለወንድም ያደረገው ጥቆማ ከመጽሐፉ ዕድሜ በልጦ ተገኘ ማለት ነው።

ማንበብ ለማይችል ሰውም ጥቆማ ደርሷል። ለዚህ በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና የነበሩትን የሲጋራ ፋብሪካዎች የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1865 ኤል ፊጋሮ በተባለ ፋብሪካ አንድ አዲስ ነገር ተጀመረ። ሠራተኞቹ ተደርድረው ትንባሆ ሲጠቀልሉ አንድ አንባቢ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር። ሥራው እጅ እንጂ ጆሮ አይፈልግም። አንባቢው የሚከፈለው ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው ከሚያዋጡት ነበር። ጋዜጣ ይነበባል፣ ልብ ወለድ ይነበባል። ምን እንደሚነበብ የሚወስኑትም ራሳቸው ሆኑ፤ ርዕሶች ቀርበው ድምፅ ይሰጥባቸዋል። አንዱ ጠቋሚ ስለ መጽሐፉ ይከራከራል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ያሸነፈው ይነበባል። ባለሥልጣናቱ ነገሩ አላማራቸውም። በተጀመረ ዓመት ሳይሞላው አገዱት። ግን ተመልሶ መጣ። ከሠራተኞቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ ፍሎሪዳም ሄደ። በዚያ ባለችው በታምፓ ከተማ እስከ 1931 ድረስ ቆይቶ ከሥራ ማቆም አድማ ጋር ተያይዞ ቀረ። በኩባ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ሲጋራም ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ አንብቡልን እያሉ ከሚመርጡት ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ እንደሆነ ይነገራል።

ጥቆማ ተቋም ሲሆን

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥቆማ ንግድም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካ ውስጥ የወሩ መጽሐፍ ክበብ ተቋቋመ። ዳኞች በየወሩ አንድ መጽሐፍ ይመርጡ ነበር፣ ለአባላትም በፖስታ ይላክ ነበር። በ1996 ደግሞ ኦፕራ ዊንፍሪ በቴሌቪዥን ፕሮግራሟ የመጽሐፍ ክበብ ጀመረች። እሷ የመረጠችው መጽሐፍ በአብዛኛው ወዲያው የከፍተኛ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ይገባ ነበር። በ1998 የሲያትል ቤተ መጻሕፍት ሰዎች የከተማው ነዋሪ በሙሉ አንድ መጽሐፍ እንዲያነብ ጋበዙ። ሐሳቡን ሌሎች ብዙ ከተሞች ወርሰውታል።

እነዚህ ሁሉ ግን ከአንድ ወደ ብዙ የሚወርዱ ጥቆማዎች ናቸው። የሚጠቁመው የሚጠቆምለትን ሰው አያውቀውም። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሠሩትን አበልጣለሁ። የሕንዱ ምሁር ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተማቸው አምስት ሕጎች ውስጥ ሁለቱ ለየአንባቢው የራሱ መጽሐፍ፣ ለየመጽሐፉም የራሱ አንባቢ እንዳለው ይደነግጋሉ። ሁለተኛውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ማንም የማያነሳው፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው መጽሐፍም የሆነ ቦታ የሚፈልገው ሰው አለው። የጠቋሚው ሥራ ያንን ሰው ማግኘት ነው።

እንዴት ይገኛል? ጥሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ብሎ አይጀምርም። ብዙ ሰው ለዚህ መልስ የለውም፤ «ማንኛውንም» ብሎ ይገላገላል። ይልቅ «በቅርቡ ያነበብከውንና የወደድከውን አንድ መጽሐፍ እስቲ አውራኝ» ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሰውየው የሚያወራው ስለ ታሪኩ ፍጥነት ነው? ስለ ሰዎቹ ነው? ስለ ቦታው ነው? ወይስ አንድ አረፍተ ነገር በቃሉ ይዞ ነው የመጣው? በሲያትሉ ጥሪ ስሟ የሚነሳው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ወደ መጽሐፍ የሚያስገቡ አራት በሮች አሉ ትላለች፦ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ቦታና ዘመን፣ ቋንቋ። እያንዳንዱ መጽሐፍ አራቱም አለው፤ የበሮቹ ስፋት ግን ይለያያል።

ይህ ብዙ የከሸፉ ጥቆማዎችን ያስረዳል። ስለ ጦርነት የሚያወራ ልብ ወለድ ለወደደ ሰው ሌላ የጦርነት ልብ ወለድ ይሰጠዋል። ሃያ ገጽ አንብቦ ይመልሰዋል። የወደደው ጦርነቱን አልነበረም፤ በግንባር ሆኖ ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፈውን ልጅ ነው። ለዚህ አንባቢ የሚስማማው ምናልባት ጥይት የማይተኮስበት፣ ሁለት ሰዎች የሚጻጻፉበት መጽሐፍ ነው። ጉዳዩ አንድ ስለሆነ ብቻ መጽሐፍ መስጠት በጣም የተለመደው ስሕተት ነው።

አምስት ደቂቃ

ጥቆማን ወደ ጨዋታ የቀየሩት ጃፓኖች ናቸው። ቢብሊዮባትል የሚባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2007 በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ አንብቦ የወደደውን አንድ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ተራ በተራ አምስት አምስት ደቂቃ ያወራሉ። ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጥያቄና ውይይት አለ። በመጨረሻ ሁሉም ድምፅ ይሰጣል፤ ጥያቄውም «የትኛውን መጽሐፍ ለማንበብ በጣም ጓጓችሁ?» የሚል ነው።

ጥያቄው በጣም የታሰበበት ነው። ማን ጥሩ ተናገረ አይልም። የቱ መጽሐፍ ይበልጣል አይልም። አሸናፊ የሚባለውም መጽሐፉ ነው እንጂ ተናጋሪው አይደለም። አምስቱ ደቂቃም የራሱ ጥበብ አለው። ጭብጡን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሰውየውን ስለ ራሱ እንዲያወራ ያስገድደዋል። መጽሐፉን እንዴት አገኘው? የቱ ጋ ቆም አለ? ለምን ለዚህ ሰው ሁሉ ይዞት መጣ? አድማጭ የሚጓጓው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒዩተር ጠቋሚ ሲሆን

የኢንተርኔት መደብሩ አማዞን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ይህን የገዙ ሰዎች ያንንም ገዝተዋል» በሚለው ስሌት መጻሕፍት ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ላይብረሪቲንግ፣ በ2007 ጉድሪድስ የተባሉ ድረ ገጾች ለአንባቢዎች የራሳቸውን መደርደሪያ ከፈቱላቸው። በ2013 አማዞን ጉድሪድስን ገዛው። የጉድሪድስ መደርደሪያ ሲከፈት ሦስት ክፍል አለው፦ ያነበብኩት፣ እያነበብኩ ያለሁት፣ ማንበብ የምፈልገው። ሦስተኛው ክፍል ሁልጊዜ እየሞላ ይሄዳል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በቲክቶክ ላይ ቡክቶክ የሚባለው ጎራ ተነሥቷል። ወጣቶች መጽሐፍ ይዘው ሲያለቅሱ፣ ሲናደዱ፣ ሲሥቁ በአጭር ቪዲዮ ይታያሉ። ከዓመታት በፊት ታትመው የተረሱ መጻሕፍት በዚህ መንገድ እንደገና ገበያ ላይ ወጥተዋል።

ስሌቱ የሚያውቀው የተገዛውን ነው። ለጓደኛ ስጦታ የተገዛውንና ተገዝቶ ያልተገለጠውን አይለይም። ኮከብም ብዙ አይናገርም። አንዱ አንባቢ ሦስት ኮከብ የሰጠው መጽሐፉ ደካማ ስለሆነ ነው፤ ሌላው ሦስት የሰጠው መጨረሻው ስላሳዘነው ነው። በዚህ በኩል ስቶሪግራፍ የተባለው መተግበሪያ የተሻለ መንገድ ይዟል፤ መጽሐፉ የጨለመ ነው፣ ተስፋ የሚሰጥ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቀስ ያለ ነው እያለ ይለያል። የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር የቁጥር ፉክክር ነው። በዓመት ስንት አነበብኩ የሚለው ሲበዛ ሰው ቀጫጭን መጽሐፍ መምረጥ ይጀምራል። ሦስት ወር የሚፈጅ ወፍራም መጽሐፍ የያዘ ሰው ደግሞ ያላነበበ ይመስለዋል። አንብቧል፤ ምናልባትም ከሁሉም በላይ።

ሥነ ሥርዓቱ

ያልተጻፉ ሕጎች አሉ። መጨረሻውን አትናገር የሚለው የታወቀ ነው። «መጨረሻ ላይ ጉድ አለ» ማለትም ያው መናገር ነው፤ አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጉዱን ሲፈልግ መጽሐፉን ሳያጣጥም ይጨርሰዋል። አንድ መጽሐፍ መጠቆም አሥር ከመጠቆም ይሻላል፤ አሥር ርዕስ የተቀበለ ሰው አንዱንም አይጀምርም። የተዋሱትን መመለስ ግድ ነው። ማድመጥም ማንበብ ነው፤ በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ የጨረሰን ሰው «አነበብኩት አትበል» ማለት ነውር ነው።

ከባዱ ጓደኛ አጥብቆ የሰጠንን መጽሐፍ አለመውደድ ነው። ብዙ ሰው «ደስ ይላል» ብሎ ያልፈዋል። ይሄ ለጠቋሚው ውለታ አይደለም፤ በሚቀጥለው ያንኑ ዓይነት ይዞ ይመጣል። ናንሲ ፐርል ለዚህም መለኪያ አላት። ዕድሜያችሁ እስከ 50 ከሆነ 50 ገጽ ሞክሩ። ከ50 በላይ ከሆነ ዕድሜያችሁን ከ100 ቀንሱ፤ የ60 ዓመት ሰው 40 ገጽ ካነበበ ይበቃዋል ማለት ነው። ካልያዛችሁ ተዉት። ለጓደኛውም «ሰዎቹ አልቀረቡኝም» ወይም «ቋንቋው ከበደኝ» ብሎ የቱ በር እንደተዘጋ መንገር ነው። ጠቋሚው ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ከአሥር «አሪፍ ነው» ይበልጣል። ቀጣዩን መጽሐፍ የሚመርጠውም በዚያ ልክ ነው።