የምግብ ገለጻ በልቦለድ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚቀርብ ማዕድ

በልቦለድ ውስጥ የምግብ ገለጻ ማለት ገጸ ባሕርያቱ የሚሠሩትንና የሚበሉትን አንባቢው እንዲያሸተውና እንዲቀምሰው አድርጎ ማቅረብ ነው። ምራቅ የሚያስውጠው ብዙውን ጊዜ ቅጽሉ ሳይሆን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። «ወጡ እጅግ ይጣፍጥ ነበር» የተባለ አንባቢ ደጅ ይቀራል፤ ቁሌቱ ሲማሰል ያየ ግን ጓዳ ገብቷል።

ለዶሮ ወጥ የደቀቀው ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ ይበስላል። በርበሬ ከገባ በኋላ እንዳያር ውሃ ጠብ እየተደረገ በዝግታ ይማሰላል፤ ቅቤው ይከተላል። በሎሚና በጨው የታጠቡት 12 ብልቶች የሚገቡት ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነው፤ መከለሻና የተቀቀለ እንቁላል ማብቂያው ላይ። ይህን ሁሉ በግማሽ ሰዓት የሚያስጨርስ ደራሲ ወጥ ሠርታ በምታውቅ አንባቢ ዘንድ ወዲያው ይነቃበታል። ቁሌት ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ይህም ለደራሲው ሲሳይ ነው። ማማሰያ የያዘ እጅ ሥራ አለው፣ አፍ ግን ነፃ ነው፤ የቤት ምስጢር ለማውጣት ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም።

ጠዋት አስቡክቶ ማታ ማስጋገርም የተለመደ ስህተት ነው። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል፤ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፤ ጥቂቱ ከውሃ ጋር ፈልቶ አብሲት ሆኖ ይመለስበታል። ኩፍ ሲል ይጋገራል። ምጣዱ በደንብ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ለልቦለድ የሚመቹት ገጠርና ከተማ አጥር ለአጥር ስለሚዋሰኑባቸው ነው። እዚህ ቤት በጭስ ቤት የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነዳል፤ ቅጠሉ ቦግ ብሎ ስለሚከስም አጋሪዋ አንድ እጇ ሁልጊዜ እሳቱ ላይ ነው፤ ጭሱም ነጠላዋ ላይ ይቀራል። እዚያ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ መብራት ሲጠፋ የሊጡ እኩሌታ ባልዲ ውስጥ ይቀራል፣ ካደረ ይሆመጥጣል። ባለ ኤሌክትሪኳ ባልዲዋን አንጠልጥላ የጎረቤቷን ጭስ ቤት ስታንኳኳ ኩርፊያው፣ ኩራቱና ውለታው ያለ አንድ መስመር ማብራሪያ ይወጣሉ።

በጣም የሚያሳስተው የቀን አቆጣጠሩ ነው። በ55 ቀኑ ሁዳዴ ወይም በረቡዕና ዓርብ የኦርቶዶክስ ቤተሰብን ቅቤ ያስበላ ደራሲ፣ ሳያስበው ጾም ገዳፊ ገጸ ባሕርይ ፈጥሯል። በተቃራኒው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ያን ሰሞን ዓርብ ቀን ሽሮ ብቻ የሚቀርብበት ቤት ለአንባቢ የሚነግረው ችግርን እንጂ ጾምን አይደለም። የመንገድ ዳር በቆሎ እሸት ጥብስም የክረምት መውጫና የመስከረም ነው፤ ሚያዝያ ላይ ከተጠበሰ ከየት እንደመጣ መነገር አለበት።