ፕሮጀክት ብሉ ቡክ ምንድን ነው?

የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች የፈተና መልሳቸውን የሚጽፉበት ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለ፤ «ብሉ ቡክ» ይሉታል። የአገሪቱ አየር ኃይል በ1952 (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምንነታቸው ስላልታወቀ በራሪ አካላት ከሕዝብ የሚመጡ ጥቆማዎችን ለሚመረምረው ክፍል ስም ሲፈልግ የዚህን ደብተር ስም ተዋሰ። ጉዳዩ እንደ ፈተና በጥሞና እንዲያዝ ታስቦ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሰኔ 24 ቀን 1947 ነው። ኬኔት አርኖልድ የተባለ የግል አውሮፕላን አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት ሬኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ሲከንፉ ማየቱን ተናገረ፤ ጋዜጦቹም «በራሪ ሳህን» አሏቸው። ጥቆማው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበርና አየር ኃይሉን በመጀመሪያ ያሳሰበው የሶቪየት ኅብረት አዲስ መሣሪያ ይሆን የሚለው ነው። ከብሉ ቡክ በፊት «ሳይን» እና «ግራጅ» የሚባሉ ሁለት ምርመራዎች ተካሂደዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በአቅራቢያው ያለ የአየር ኃይል ጣቢያ ጥቆማውን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ማጣራት ያደርጋል፤ ከዚያም ዶሴው በኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን አጠገብ ወዳለው ራይት ፓተርሰን ጦር ሰፈር ይላካል። ለተመልካቹ ረጅም መጠይቅ ይሰጠዋል፤ ያየውንም በእጁ እንዲሥል ይጠየቃል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ እኔን የምትማርከኝ አንዲት አለች፦ ያዩት ነገር ክንድዎን ዘርግተው ቢይዙት የትኛውን ያህላል? የመርፌ ቁልፍ ራስ፣ አተር፣ ሳንቲም ወይስ ኳስ? ርቀቱ ያልታወቀን ነገር ትክክለኛ መጠን ከሌሊት ሰማይ ላይ መገመት አይቻልም። ሙሉ ጨረቃን እንኳ በተዘረጋ እጅ የተያዘች አንዲት የአተር ፍሬ ትጋርዳታለች። በዚህ ንጽጽር ግን ነገሩ ከሰማዩ ምን ያህሉን እንደሸፈነ ይታወቃል። መልሱ ከከዋክብት ካርታ፣ ከበረራ መዝገብና ከአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛዎች ጋር ሲመሳከር ብዙው ጥቆማ ይፈታል፤ አጥቢያ ኮከብ ብዙ ሰው አሳስታለች።

ምርመራው የተበላሸው፣ በእኔ እምነት፣ የሕዝቡን ጫጫታ ማብረድ ነገሩን ከመረዳት ሲቀድም ነው። በጥር 1953 በማዕከላዊው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የተጠሩ ሳይንቲስቶች የጥቆማው ብዛት የመከላከያ መገናኛውን እንዳያጨናንቅ ሰግተው የሕዝቡ ጉጉት እንዲቀንስ መከሩ። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ ዩ-2 የተባለው ምስጢራዊ የስለላ አውሮፕላን ከ60,000 ጫማ በላይ መብረር ያዘ። በዚያ ከፍታ አውሮፕላን ይኖራል ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ፣ ፀሐይ ስታርፍበት ያዩት ሰዎች ደነገጡ። መርማሪዎቹ ከሲአይኤ ጋር አመሳክረው መልሱን ቢያገኙም፣ ለጠቋሚው እውነቱን መንገር አይፈቀድላቸውም ነበር።

በመጋቢት 1966 በሚሺጋን ብዙ ሰዎች እንግዳ ብርሃን አየን አሉ። የብሉ ቡክ የሳይንስ አማካሪ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ አለን ሃይኔክ፣ ከጥቂት ቀናት ምርመራ በኋላ ምናልባት ከረግረግ የሚወጣ ጋዝ ሊሆን እንደሚችል ለጋዜጠኞች ገለጸ። «ምናልባት» የምትለዋ ቃል ተረስታ «የረግረግ ጋዝ» መሳለቂያ ሆነ፤ ሕዝቡም እንደተናቀ ተሰማው። የግዛቲቱ የምክር ቤት አባል ጄራልድ ፎርድ፣ የኋላው ፕሬዚዳንት፣ ጉዳዩ በኮንግረስ እንዲታይ ጠየቀ። በዚያው ዓመት አየር ኃይሉ ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ገለልተኛ ጥናት ሰጠ፤ ጥናቱም ምርመራው ለሳይንስ የሚጨምረው ነገር የለም ብሎ ደመደመ።

ብሉ ቡክ በታኅሣሥ 1969 ተዘጋ። ከ12,618 ጥቆማዎች 701ዱ «ያልታወቀ» ተብለው ቀርተዋል። ይህ ቃል ከሌላ ዓለም መጣ ማለት አይደለም፤ በእጅ ያለው መረጃ ከየትኛውም ከሚታወቅ ነገር ጋር አልገጠመም ማለት ብቻ ነው። ዶሴዎቹ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለሕዝብ ክፍት ናቸው። የተመልካቾቹ ስም ተሰርዟል፤ በእጃቸው የሣሏቸው ሥዕሎች ግን አሉ።