የባሕር ትምህርት ሥልጠናና የባሕር ዳርቻ የመስክ ጉብኝት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለአንደኛ ደረጃ መምህራን የሚሰጥ የባሕር ትምህርት ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የክፍል ውስጥ ገለጻን ከባሕር ዳርቻ ልምምድ ጋር ያጣምራል። ዓላማውም መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ዳርቻ ሲወርድ ምን እንደሚያሳይ፣ ምን እንደሚጠይቅና ከምን እንደሚጠነቀቅ ማስጨበጥ ነው። ይሁን እንጂ ሲወርዱ ሲዋረዱ የመጡ አንዳንድ አመለካከቶች መምህራን ከሥልጠናው እንዲርቁ፣ ጉብኝቱም ፍሬ እንዳያፈራ ያደርጋሉ።

«ባሕርን ማስተማር የሚችለው የባሕር ሳይንስ ባለሙያ ብቻ ነው»

ብዙ መምህራን ወደ ዳርቻ ለመውጣት የሚያመነቱት አንድ ተማሪ የማያውቁትን ፍጡር እያሳየ «ይህ ምንድን ነው?» ቢላቸው መልስ እንዳያጡ በመስጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሳይንቲስቶችና መምህራን ተባብረው ካወጧቸው 7 የባሕር ዕውቀት መርሆዎች የመጨረሻው ግን ውቅያኖስ በአብዛኛው ገና ያልተመረመረ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ «አላውቀውም፤ እስቲ አብረን እንየው» የሚል መምህር ከሳይንሱ አልራቀም። የጥሩ ሥልጠና መለኪያም መምህሩ ስንት ስም ሸመደደ የሚለው ሳይሆን፣ «እግሩ ስንት ነው? ምን ይበላል? ውሃው ሲሸሽ የት ይደበቃል?» ብሎ መጠየቅን መልመዱ ነው።

«በተመቸን ቀንና ሰዓት መሄድ እንችላለን»

ጉብኝቶችን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። የትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር ለባሕሩ አይገዛም፤ ባሕሩም ለመርሐ ግብሩ አይገዛም። ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው የሚፈጥሩት የባሕር ሙላትና ሽሽት በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ይፈራረቃል፤ በአንድ ሙላትና በቀጣዩ መካከልም በአማካይ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል። መሬት በራሷ ዛቢያ በምትዞርበት ጊዜ ጨረቃም በዚያው አቅጣጫ ትጓዛለችና፣ አንድ የዳርቻ ቦታ ጨረቃን እንደገና በትይዩ ለማግኘት ከአንድ ቀን በላይ 50 ደቂቃ ያህል ይጨምርበታል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ረፋድ ላይ ድንጋዩ ተገልጦ የታየበት ዳርቻ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት በውሃ ተውጦ ሊገኝ ይችላል።

ጨረቃ አዲስ በምትሆንበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ርቆ ስለሚሸሽ ብዙ ፍጥረት ይገለጣል፤ ጨረቃ በግማሽ በምትታይበት ሰሞን ግን ልዩነቱ ያንሳል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞሉ፣ ወይም ሙላቱ እምብዛም የማይታይባቸው ባሕሮችም ስላሉ፣ መምህሩ የዚያኑ ዳርቻ የሙላት ሰንጠረዥ ተመልክቶ ቀኑን መቁረጥ ይኖርበታል። ድንጋያማ ዳርቻ የሚጎበኝ ክፍል ውሃው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢጀምር የሚሸሸውን ውሃ እየተከተለ ይወርዳል፤ ውሃው መመለስ ሲጀምርም ይወጣል።

«አሸዋማ ዳርቻ ባዶ ነው»

ባዶ የሚመስለው ቆሞ ለሚያይ ነው። ከውሃው ጠርዝ አንድ እፍኝ እርጥብ አሸዋ ወስዶ በወንፊት ማጠብ፣ የቀረውን በነጭ ሳህን ላይ ጥቂት የባሕር ውሃ ጨምሮ ማፍሰስና በአጉሊ መነጽር መመልከት ብዙ ያሳያል። ብርጭቆ መሳዩ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ነው፤ ነጣ ያለውና ጠፍጣፋው ደግሞ የተሰበረ ዛጎል ሊሆን ይችላል። ታጥቦ በደረቀው አሸዋ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግበት የዛጎሉ ቅንጣት አረፋ ያወጣል፤ ኳርትዙ ግን ዝም ይላል። ልጆች አሸዋ ከድንጋይም ከሕይወትም እንደሚሠራ በዓይናቸው የሚያረጋግጡበት ከዚህ የቀለለ ሙከራ ያለ አይመስለኝም። እንደ ክር የተጠቀለለ የአሸዋ ክምር ከታየ፣ ከሥሩ አሸዋ እየዋጠ ምግቡን የሚለይ ትል እንዳለ ይጠቁማል። ከሙላቱ መስመር ላይ የደረቀው የባሕር አረም ሲገለጥ ዘለል ዘለል የሚሉት ትንንሽ ፍጥረታት ደግሞ የሸርጣን ዘመዶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን ቁንጫ ይላቸዋል።

«አንድ የባሕር ኮከብ ቢወሰድ ምን ይጎድላል?»

የባሕር ኮከብ የኮከብ ቅርጽ ያለው የባሕር እንስሳ እንጂ ዓሣ አይደለም፤ የሚተነፍሰውም በቆዳውና ከሥሩ ባሉት ጥቃቅን እግሮቹ አማካይነት ስለሆነ ለፎቶግራፍ ተብሎ ከውሃ ሲወጣ ይታፈናል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮበርት ፔይን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዋሽንግተን ግዛት ዳርቻ ከአንድ ድንጋያማ ቦታ የባሕር ኮከቦችን እየለቀመ ሲያስወግድ፣ ኮከቦቹ ይበሏቸው የነበሩ ባለ ቅርፊት ፍጥረታት ቦታውን አጣበቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ በዚያ የነበሩት 15 ዝርያዎች ወደ 8 ዝቅ ማለታቸውን ገልጿል። እርግጥ ነው፣ አንድ ኮከብ መውሰድ ሁሉንም ማስወገድ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ዳርቻ በየዓመቱ ስንት ክፍል እንደሚጎበኘው ማሰብ ይበቃል። ባዶ ዛጎልም ቢሆን በሌላ ፍጥረት ዛጎል ለሚኖረው ሸርጣን ቤት ነው። የተገለበጠ ድንጋይ ደግሞ በቀስታ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ከሥሩ ያሉት ፍጥረታት በፀሐይ ይደርቃሉ።

«ውሃው ጸጥ ያለበት ቦታ ለልጆች የተሻለ ነው»

ሞገድ በሚሰበርበት ዳርቻ መሐል ለመሐል ጸጥ ብሎ የሚታየው ክፍተት፣ ውሃው ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ኃይለኛ ጅረት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጅረት የተወሰደ ሰው ፊት ለፊት ወደ ዳርቻው ለመዋኘት ከመታገል ይልቅ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ ቢወጣ ይሻለዋል። ሞቶ የተጣለ ጄሊፊሽ የተባለ ዝልግልግ የባሕር እንስሳም መንደፉን አይተውምና በእጅ አይነካም።

«ከባሕር የራቀ ትምህርት ቤትን አይመለከተውም»

በምድር ላይ ካለው ውሃ 97 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በባሕር ውስጥ ነው፤ መሐል አገር የሚዘንበው ዝናብም ብዙው ከዚያ የተነነ ነው። በዓለም ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉን የሚያመርቱት በባሕር ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ አብዛኛው ኦክስጅን እዚያው ባሕር ውስጥ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንደሚውል ግን ለልጆች ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የባሕሩ ጨውም ቢሆን በብዛት የመጣው ዝናብ ከየብስ ድንጋይ እያሟሟ፣ ወንዝ እያጋዘ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አሟሙቶ፣ ጥቂቱን በዝርግ ሳህን ፀሐይ ላይ ያስቀመጠ ክፍል ውሃው ተንኖ ጨው ብቻ ሲቀር ያያል፤ ወንዞች ንጹሕ የሚመስል ውሃ እያፈሰሱበት ባሕሩ ለምን ጨዋማ እንደሆነም ከዚያው ሳህን ተነሥቶ መወያየት ይችላል።